ወደ ጸሐፊዎች ሥልጠና የትኛውን ረቂቅ ይዤ ልግባ? ለአንዲት ጀማሪ ጸሐፌ ተውኔት የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂያችን በደሴ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ናቸው። ለጀማሪ የተውኔትና የፊልም ጸሐፊዎች ለተዘጋጀ የዘጠኝ ወር ሥልጠና አመልክተው ከአሥራ ሁለቱ ተመራጮች አንዷ ሆነዋል። ሥልጠናው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ ላይ የሚሰጥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ይዞ መግባት የሚችለው አንድ ረቂቅ ብቻ ነው። በእጃቸው ግን ሁለት አለ፤ አንደኛው አራት ዓመት የደከሙበትና 140 ገጽ የደረሰ የፊልም ጽሑፍ፣ ሁለተኛው ባለፈው ክረምት ጀምረውት ሁለተኛው ገቢር ላይ የቆመ ተውኔት። «የትኛውን ልውሰድ? ለመሆኑ የመጻፍ ችሎታ በሥልጠና ይገኛል? አሠልጣኞቹ የራሴን አጻጻፍ አጥፍተው የእነሱን ቢተክሉብኝስ? ጽሑፉስ በመጨረሻ የማን ይሆናል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

አጭሩ መልሴ፣ ይግቡ፣ ይዘው የሚገቡትም ያላለቀውን ተውኔት ይሁን የሚል ነው። ምክንያቱ ግን እንዲህ ያለ ሥልጠና ለአንድ ጸሐፊ በእውነት ምን ሊሰጠው እንደሚችል ካልተረዳን ግልጽ ስለማይሆን፣ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር።

«ተሰጥኦ ከሌለ ሥልጠና ምን ይሠራል» የሚለው አነጋገር እኛ አገር ሲደጋገም ስሰማ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ድርሰትን በሥርዓት ሲያስተምር ዘመናት የተሻገረ ቅኔ ቤት ያለን ሰዎች ነንና። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ለብቻው አንድ ጥግ ይዞ ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲደርስ፣ ይውላል፤ ከዚያም የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ሰምቶ የቤቱን አለመምታት ወይም የሰሙንና የወርቁን አለመገጣጠም ያሳየዋል፤ ተማሪው ተመልሶ ይቆጥራል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ መምህሩ ለተማሪው ምሥጢር አያወርሰውም፤ ምሥጢሩ የራሱ የተማሪው ነው። የሚያወርሰው ጆሮን ነው፤ የደረሱትን በድምፅ አውጥቶ፣ በሌላ ሰው ጆሮ ሰምቶ፣ የጎደለውን ማወቅን። የተውኔትና የፊልም ጽሑፍ ሥልጠናም በደኅና ሁኔታ ከተዘጋጀ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የዘመናዊ ቲያትራችንን ታሪክ ቢመለከቱ ይኸው መንገድ ይታያል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በቺካጎ ሕግ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1959 በዩኔስኮ የትምህርት ዕድል ወደ አውሮፓ ሄዶ የቲያትር ትምህርቱን የቀሰመው በለንደኑ ሮያል ኮርትና በዊንዘር ቲያትር፣ ማለትም ሥራው በሚሠራበት ቤት ውስጥ ነው። በዚያው በሮያል ኮርት እ.ኤ.አ. በ1958 የጸሐፊዎች ቡድን ተቋቁሞ ነበር፤ እነ ኤድዋርድ ቦንድ፣ አርኖልድ ዌስከርና ናይጄሪያዊው ወሌ ሾይንካ የተሳተፉበት ነው። ቡድኑን ከመሩት አንዱ የሆነው ኪት ጆንስቶን ያስቀመጠው ደንብ፣ ተነሥቶ በድርጊት ሊታይ በሚችል ነገር ላይ ክርክር እንዳይደረግ የሚል ነበር። አንዱ ጸሐፊ «ይህ ትዕይንት አይሠራም» ቢል መልሱ ንግግር አይደለም፤ ሁለት ሰው ተነሥቶ ይሞክረዋል። በአሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው የዩጂን ኦኒል የቲያትር ማዕከልም ዝናውን ያገኘው ተዋንያን ረቂቁን በእጃቸው እንደያዙ፣ ያለ ተሟላ የመድረክ ግንባታ፣ በተመልካች ፊት እንዲያነቡት በማድረጉ ነው፤ ጸሐፊው አጠገባቸው ተቀምጦ ይሰማል፣ ያርማል፣ የታረመው እንደገና ይነበባል። አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ኦገስት ዊልሰን ወደዚያ ማዕከል ጽሑፍ ልኮ ደጋግሞ ከተመለሰበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1982 ተቀባይነት ያገኘ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራው የኒው ዮርክ ታላላቅ ቲያትሮች መድረክ የሆነው ብሮድዌይ ደርሷል።

እኛም ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው የኪነ ጥበባት ማዕከል ጽሑፍንና መድረክን አንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘ ቤት ነበር፤ የቲያትር ጥበባት ትምህርት ክፍሉም እ.ኤ.አ. በ1978 ሲከፈት ተዋናዩ፣ አዘጋጁና ጸሐፊው በአንድ ግቢ የሚተያዩበት ሆነ። እንደ እርስዎ ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ፣ በመደበኛ ሥራ ላይ ለተሰማራ ጸሐፊ ግን ይህ ዕድል አልነበረም። የተመረጡበትን ሥልጠና የምደግፈው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው፤ ደሴ ላይ ሆነው ጥሩ መጽሐፍ ማንበብ ይችላሉ፣ ጥሩ ረቂቅም መጻፍ ይችላሉ፣ ጽሑፍዎን ጠንቅቆ የሚያነብልዎ አራትና አምስት የሠለጠነ ተዋናይ በየጊዜው ማግኘት ግን ከባድ ነው።

ስለዚህ አዘጋጆቹን አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ በዘጠኙ ወራት ውስጥ ረቂቄ በተዋንያን ስንት ጊዜ ይነበባል? ሦስት ጊዜ ከሆነ ደኅና ነው። አንድ ጊዜ፣ ያውም በመዝጊያው ዕለት ለእንግዶች ከሆነ፣ ያ ንባብ ምርቃት እንጂ ሥልጠና አይደለም፤ ከመጨረሻው ንባብ በኋላ ማረሚያ ጊዜ የለምና። እንዲህ ቢሆን እንኳ አይቅሩ፤ ከሠልጣኞቹ መካከል ሦስት አራት ሆናችሁ የራሳችሁን ንባብ አዘጋጁ።

ንባብ ምን እንደሚያሳይ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመራሁት ቡድን ውስጥ አንዲት ጸሐፊ የሚከተለውን ቃለ ተውኔት ይዛ መጣች። እናትና ልጅ ቡና ላይ ተቀምጠዋል።

እናት፦ ልጄ ሆይ፣ አባትሽ ከሞተ ወዲህ ይህን ቤት ብቻዬን ተሸክሜ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ፤ አሁን ግን አቅሜ ስለደከመ ቤቱን ልሸጠው ወስኛለሁ።

ዓረፍተ ነገሩ ከሰዋስው አንጻር እንከን የለውም፤ በወረቀት ላይ ማናችንም አላሰናከለንም ነበር። ተዋናይቱ ስታነበው ግን «ይህን ቤት» ካለች በኋላ ገጹ አለቀና ለመግለጥ ቆመች። በዚያች ቅጽበት ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና አለ። ገጹን ገልጣ ስትጨርሰው ደግሞ ሁሉም ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ጸሐፊዋ ይህን አይታ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ትዕይንቱ እንዲህ ሆኖ መጣ።

እናት፦ ያ ሰውዬ ነገ ይመጣል።
ልጅ፦ የትኛው ሰውዬ?
እናት፦ ልቅዳልሽ?
ልጅ፦ እማዬ፣ ይህን ቤት…
እናት፦ በረካውን ሳትጠጪ እንዳትነሺ።

እዚህ ላይ የተገኘው ዕውቀት ከየትኛውም የውጭ መማሪያ መጽሐፍ የሚገኝ አይደለም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው፤ ሰው ንግግሩን ግሱ ጋ ሳይደርስ ሲያቋርጥ ሰሚው ይሸጥ ይባል ወይም አይሸጥ፣ ልመና ይሁን ወይም ክስ፣ አያውቅም። ልጅቱ «ይህን ቤት» ብላ ስትቆም ያልተነገረው ግስ መድረኩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እናት ደግሞ ሆን ብላ እንዳይነገር ታደርገዋለች። ለእኛ ተመልካች በረካ የቡናው መጨረሻ እንደሆነ መንገር አያስፈልግም፤ ጊዜው እያለቀ መሆኑን ስኒው ይነግረዋል። ጸሐፊዋ ይህን ሁሉ ያገኘችው ከእኔ ማብራሪያ ሳይሆን አንዲት ተዋናይት ገጽ ስትገልጥ ከተፈጠረው ዝምታ ነው፤ የእርሷ ችሎታ ዝምታውን ልብ ማለቷ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። ተውኔቱን ይውሰዱ ያልኩበት አንደኛው ምክንያት ከላይ የተናገርኩት ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ በሚደረግ ንባብ የተውኔት ዐቢይ ክፍል ይፈተናል፣ የፊልም ጽሑፍ ግን የሚፈተነው በከፊል ነው። ፊልሙ የሚቆመው በሚታይ ነገር ላይ ስለሆነ፣ ንባብ ላይ የሚሰማው ንግግር ብቻ ነውና ዝምታ የበዛበት ጥሩ የፊልም ጽሑፍ ደካማ መስሎ፣ ወሬ የበዛበት ደካማ ጽሑፍ ደግሞ ጥሩ መስሎ ሊሰማ ይችላል። ለጀማሪ ይህ አሳሳች ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከበድ ይላል። አራት ዓመት የተደከመበት ጽሑፍ ለሥልጠና አይመችም። አንድ ሰው ረቂቁን ሃያ ጊዜ ካነበበው በኋላ የሚያነበው ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን በልቡ የያዘውን ነው፤ «ይህ ትዕይንት ለምን አስፈለገ?» ተብሎ ሲጠየቅም የሚመልሰው ለጸሐፊው ድካም ጥብቅና በመቆም ነው። ሁለተኛው ገቢር ላይ የቆመው ተውኔት ግን አሁንም ሊፈርስ ይችላል፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ቢወጣበት አያምዎትም፣ የቆመበትም ምክንያት ስላለ ያንን ምክንያት መፈለግ በራሱ የዘጠኝ ወር ትምህርት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ገቢር የሚቆመው እዚያው ቦታ ላይ በተፈጠረ ችግር ሳይሆን በመጀመሪያው ገቢር ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚፈልግ ሳይወሰን በመቅረቱ ነው፤ ፍለጋውን ከዚያ ቢጀምሩ እመክራለሁ።

የፊልም ጽሑፉን ግን አይጣሉት። 140 ገጽ መሆኑ ብዙ አያስጨንቅዎ፤ «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለው ልማድ የተወለደው በእንግሊዝኛ፣ ባለ 12 ነጥብ ኩሪየር በሚባል የፊደል ቅርጽ ለሚጻፍ ስክሪፕት ነው። በግዕዝ ፊደል አንዱ ጽሑፍ በኒያላ ሲጻፍና በፓወር ግዕዝ ሲጻፍ የገጹ ብዛት ይለያያልና መለኪያው ለእኛ አይሠራም። ሰዓት ይዘው፣ ድርጊቱን በዓይነ ኅሊናዎ እያስኬዱ፣ ንግግሩን በድምፅ ያንብቡት፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ከወሰደ ያን ጊዜ ስለማሳጠር ማሰብ ይጀምሩ። ተውኔቱ ካለቀ በኋላም ለፊልም ብቻ የተዘጋጁ መድረኮች አሉ፤ የፊልም አዘጋጇ ሚራ ናይር እ.ኤ.አ. በ2004 በካምፓላ የመሠረተችው ማይሻ የፊልም ላብራቶሪ የምሥራቅ አፍሪካ ጀማሪዎችን ያለ ክፍያ ለማሠልጠን የተቋቋመ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ሬዲዮ ጥቂት ልበል፤ ጠያቂያችን ባያነሡትም ከጉዳዩ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በ257 ክፍል የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ የተጻፈው ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ በቀየሰው ስልት ነው። በዚህ ስልት መልካም አርአያ የሚሆን፣ ክፉ አርአያ የሚሆንና በሁለቱ መካከል እየተናወጠ የሚለወጥ ገጸ ባሕርይ አስቀድሞ ይወሰናል። ለመድረክ ተውኔት ይህን ክፍፍል እንዳለ ቢወስዱት አልመክርም፤ ሰው ገና ሳይናገር ምድቡ ስለሚታወቅ። ነገር ግን የሚለወጠውን ሰው መካከል ላይ ማስቀመጡ፣ ደግሞም ታሪክን በድምፅ ብቻ ለዚያን ያህል ክፍል ሳያሰለቹ ማስኬዱ፣ ትልቅ የሙያ ልምምድ ነው። ሥልጠናው የሬዲዮ ክፍል ካለው አይናቁት።

ስለ ሦስተኛው ፍርሃትዎ፣ አሠልጣኞቹ አጻጻፌን ያጠፉብኛል ስለሚለው፣ የምናገረው በራሴ ላይ ከደረሰው ነው። በዚህ ሥራ መጀመሪያዬ ላይ አንድ ወጣት ስለ አባቱ የጻፈውን ተውኔት ይዞ መጣ፤ መጨረሻው ደካማ ነበር። እኔም ደካማ መሆኑን ነግሬው ማቆም ሲገባኝ፣ አባትየው በሠርጉ ዕለት ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ እንዳለበት ነገርኩት። ልጁ አክባሪ ስለነበር የነገርኩትን አደረገ። ተውኔቱ ሲነበብ መጨረሻው ጥሩ ተባለ፤ ነገር ግን የእሱ አልነበረም፣ እሱም ያውቅ ነበርና ዳግመኛ አልነካውም። ይህ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። ከዚያ ወዲህ ለሠልጣኞች የምነግረው፣ አስተያየት ሲሰጣችሁ በሽታውን ከመድኃኒቱ ለዩ የሚል ነው። «እዚህ ቦታ ላይ ልቤ ሸሸ፣ ማን እንደሚናገር ጠፋብኝ» የሚለው አስተያየት የሰሚ ምስክርነት ስለሆነ ሦስት ሰው ከተናገረው ሊቀበሉት ይገባል። «ስለዚህ እንዲህ ብታደርጊው» የሚለው ግን የሌላ ሰው ድርሰት ነው፤ ከማክበር ጋር ሰምተው ማስታወሻ ደብተር ላይ ያስቀምጡት፣ መፍትሔውን ግን ከራስዎ ታሪክ ይፈልጉ። ለታላቅ ሰው «አይሆንም» ማለት በእኛ ባህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ «አስብበታለሁ» ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም፣ እውነትም ነው።

ድምፅ የሚጠፋበት ሌላ፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መንገድ አለ፤ እሱም ቋንቋ ነው። የውጭ አገር መድረኮች በአብዛኛው ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ስለሚጠይቁ ጸሐፊዎቻችን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አስበው ኋላ ወደ አማርኛ መመለስ ለምደዋል። ባል ሚስቱን ሃያ ዓመት «አንቺ» ሲላት ኖሮ በአንድ ምሽት «እርስዎ» ቢላት በአማርኛ ትዳሩ ፈረሰ ማለት ነው፤ ሌላ ቃል አያስፈልግም። በእንግሊዝኛው ግን ሁለቱም አንድ ቃል ናቸውና ያ ቅጽበት ጭራሹን አይወለድም። ስለዚህ ተውኔቱን እስከ መጨረሻው በአማርኛ፣ ከቻሉም በወሎ አማርኛ፣ ይጻፉት። የወሎ ሰው ሲመርቅ፣ ሲያዝንና ሲያፌዝ የሚለውን እርስዎ በጆሮዎ ይዘውታል፤ አዲስ አበባ ያለ አሠልጣኝ «ተመልካች አይገባውም» ብሎ ቢያስተካክለው አይቸኩሉ፣ ተዋናይ ይናገረውና ገባ አልገባ ከሰሚው ይታይ። ትርጉም ኋላ ይደርሳል።

የባለቤትነቱን ጥያቄ ዝቅ አድርገው እንዳያዩት እለምናለሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ለድርሰትዎ ጥበቃ የሚሰጠው ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ምዝገባ የመብቱ ቅድመ ሁኔታ አይደለም፣ ክርክር ቢነሣ ግን ማስረጃ ይሆናልና በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገቡ ይጠቅማል። ሐሳብ ብቻውን ጥበቃ እንደሌለው ይወቁ፤ በቡና ሰዓት ያወሩት ታሪክ ሳይሆን የጻፉት ጽሑፍ ነው የሚጠበቀው። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው፣ ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ከሆነና ውሉ ዝም ካለ ሕጉ ወደ ቀጣሪው ወይም ወደ አዛዡ የሚያዘነብል መሆኑ ነው። ሥልጠናው የኪስ ገንዘብ ወይም የወጪ መሸፈኛ የሚሰጥ ከሆነ፣ ገንዘቡ ለሥልጠና ድጋፍ እንጂ ለጽሑፉ ክፍያ እንዳልሆነና በሥልጠናው ወቅት የተጻፈው ሁሉ የሠልጣኙ ንብረት እንደሆነ በውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር። አዘጋጆቹ «መጀመሪያ የማየት ዕድል»፣ ማለትም ጽሑፉ ለሌላ ከመቅረቡ በፊት ለእነሱ እንዲቀርብ፣ ቢጠይቁ ተገቢ ነው፤ ግን ለስንት ወር እንደሆነ ይጻፍ። ከመፈረምዎ በፊት ውሉን ለአንድ የሕግ ባለሙያ ያሳዩት።

እስከ መጀመሪያው ቅዳሜ ባለው ጊዜ የሚሠሩት አንድ ነገር ልስጥዎ። ከትምህርት ቤትዎ መምህራን መካከል ጽሑፉን ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁ ሦስት ሰዎች ይምረጡ፤ ከሥራ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የመጀመሪያውን ገቢር በድምፅ ያንብቡልዎ፣ በስልክዎ ይቅዱት። እርስዎ ጽሑፉን በእጅዎ አይያዙ፣ አያርሙ፣ «እዚህ ላይ ማለት የፈለግኩት» ብለውም አያብራሩ። ማታ ቅጂውን ሲሰሙ አንባቢዎቹ የተደናቀፉበትን፣ እርስዎ ለሳቅ ሳይጽፉት የሳቁበትን፣ ቃል ለውጠው በራሳቸው አባባል ያነበቡበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ያስምሩ። ያንን የተሰመረበትን ወረቀት፣ በንጹሕ ሳይገለብጡ፣ እንዳለ ይዘው ይግቡ።